ላይካ ለመግዛት ገንዘብ ለምታጠራቅሙ

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንድ ወጣት ስልኩን ይዞ ወደ እኔ መጣ። «ጋሼ፣ ይሄን ልግዛው?» አለኝ። ላይካ ኤም 3 የሚባል የድሮ የጀርመን የፊልም ካሜራ ነው። ሻጩ ሌንስ ሳይጨምር ለካሜራው ብቻ 1,600 ዶላር ጠይቋል። ልጁ ማታ ማታ ምግብ እያደረሰ ያጠራቀመው ገንዘብ ነው። እዚያው በቆምንበት የሚረባ መልስ ልሰጠው አልቻልኩም። ይሄን የሚጠይቀኝ ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም። ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

በመጀመሪያ ካሜራው ጥሩ ነው። እድሜ ልኬን ፎቶ አንስቼ ነው የኖርኩት፤ እጄ ላይ እንደሱ የተስማማኝ የለም። ኤም 3 እ.ኤ.አ. በ1954 ጀርመን ውስጥ ቬትዝላር ከተማ ተሠርቶ ወጣ። እስከ 1966 ድረስ ከ220,000 በላይ ተመርቷል። ባትሪ የለውም። የብርሃን መለኪያም የለውም። ሆዱ ውስጥ ያለው ጥርስ፣ ስፕሪንግና ለፊልሙ ብርሃን የሚከፍትና የሚዘጋ የጨርቅ መጋረጃ ነው። ያኔ ይዞት የወጣው የሌንስ መግጠሚያ ዛሬም በላይካ ኤም ዲጂታል ካሜራዎች ላይ አለ። አያታችሁ በልጅነታቸው ዘመን የተሠራ ሌንስ አምና በተሠራ ካሜራ ላይ ቀጭ ብሎ ይገባል።

በዚህ ካሜራ ስታነሱ የምታዩት በሌንሱ በኩል አይደለም፤ ከጎን ባለች መስኮት ነው። መሀሏ ላይ ደመቅ ያለች ትንሽ አራት ማዕዘን አለች። እዚያ ውስጥ ነገሩ ሁለት ሆኖ ይታያችኋል። እናቴን ቡና ስትቆላ ሳነሳት ሁሌ የነጠላዋን ጥለት ነበር የምይዘው። ጥለቱ ሁለት መስመር ሆኖ ይታያል። ሌንሱን ቀስ ብዬ ሳዞር መስመሮቹ ይቀራረባሉ፤ አንድ ሲሆኑ ፎከሱ ገብቷል ማለት ነው። የኤም 3 መስኮት ነገሩን በባዶ ዓይን ከምናየው ብዙም አያሳንሰውም፣ 0.91 እጥፍ አድርጎ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ሁለቱንም ዓይን ከፍቶ ማንሳት ይቻላል። ስትጫኑ የሚጨልም ነገር የለም። ሰውዬው ዓይኑን ሲጨፍን፣ ሲስቅ፣ ዞር ሲል ታዩታላችሁ።

የመጀመሪያ ካሜራዬ ግን ላይካ አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ ካርኮቭ፣ የዛሬዋ ዩክሬን ውስጥ፣ ተምሮ ሲመለስ ያመጣልኝ ፌድ ነበር። ፌድ እዚያው ካርኮቭ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ የተመረተ፣ በላይካ አምሳል የተሠራ ካሜራ ነው። ወንድሜ ሲሰጠኝ አንድ ነገር አስጠነቀቀኝ። «መጀመሪያ ፊልሙን የሚያዞረውን ማንሻ ሳብ፣ ከዚያ ነው ፍጥነቱን የምትመርጠው» አለኝ። ፍጥነት የሚባለው መጋረጃው ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ረሳሁት። ሳልስብ መምረጫውን አዞርኩት። ውስጡ ቀጭ አለና ተያዘ።

ፒያሳ አንድ ሰዓት ሠሪ ጋ ይዤው ሄድኩ። ሰውዬው ካሜራ ሠርተው አያውቁም። ግን ክዳኑን ከፍተው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ በወረንጦ እያንዳንዷን ብሎን አውጥተው ነጭ ጨርቅ ላይ በተርታ ደረደሯት። አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስመለስ ይሠራል። የእነዚህ ካሜራዎች ዋጋ የገባኝ የዚያን ቀን ነው። ሰው ሊከፍታቸው፣ ሊረዳቸውና ሊጠግናቸው ይችላል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ መግዛትም አለመግዛትም ከዚህ ነው የሚመጣው።

ምክንያቱም ጠጋኝ የሌለው ላይካ ውድ ብረት ነው። ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ካሜራ ቅባቱ ይደርቃል። መጋረጃው ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ብርሃን ይገባና ፎቶው ላይ ነጭ ነጥብ ይጥላል። ሌንሱ እርጥበት ካገኘው ሻጋታ ያወጣል። ስትገዙ ፍጥነቱን አንድ ሰከንድ ላይ አድርጋችሁ አዳምጡት። ሳይንተፋተፍ ተንቀሳቅሶ መዝጋት አለበት። በሌንሱ ውስጥ የስልክ መብራት አብሩበት፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካያችሁ ተዉት። በመስኮቱ ስታዩ ያቺ አራት ማዕዘን ደብዛዛ ከሆነች ደግሞ በተለይ ኤም 3 ላይ ተጠንቀቁ። ወድቆ የሚያውቅ ከሆነ የተጣበቁት መስታወቶች ተላቀው ይሆናል፤ እሱን ማሠራት ከባድም ውድም ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። 1,600 ዶላሩን ከፈላችሁ። ሌንስ አልገዛችሁም። ሰርቪስ አላስደረጋችሁም፤ ያም ብዙ መቶ ዶላር ነው። እኔ ባለሁበት አንድ ጥቁርና ነጭ ፊልም ገዝቼ፣ አሳጥቤ፣ ስካን ሳስደርግ 25 ዶላር ገደማ ይወስድብኛል። 36 ፎቶ ነው፤ አንዷ ፎቶ ወደ 70 ሳንቲም መጣች ማለት ነው። በወር ሁለት ፊልም ብታነሱ በዓመት 600 ዶላር። ከሦስት ዓመት በኋላ ፊልሙ ካሜራውን በልጦታል።

«እንደ ወርቅ ነው፣ ዋጋው አይወድቅም፣ ገዝቼ አስቀምጠዋለሁ» የሚሉኝም አሉ። በ2022 አንድ ላይካ በጨረታ 14.4 ሚሊዮን ዩሮ መሸጡን ሰምተው ነው። እሱ ግን ላይካ ገበያ ላይ ሳይወጣ በፊት ለሙከራ ከተሠሩት ጥቂት ካሜራዎች አንዱ ነው፤ ላይካን የፈጠረው የኦስካር ባርናክ የራሱ መገልገያ ነበር። የእናንተ ኤም 3 ከ220,000ው አንዱ ነው። ለማስቀመጥ ከሆነ አትግዙት፣ እለምናችኋለሁ።

ለማንሳት ከሆነ ደግሞ በርካሹ ጀምሩ። እኔ ላይካ ከያዝኩ በኋላ የእህቴን ልጅ ክርስትና አነሳሁ። 36ቱንም ጨረስኩ። ፊልሙን ላወጣ ስል ከመነሻው ማዞሪያው ላይ አልያዘም ነበር፣ ሳይንቀሳቀስ ቀርቷል፤ አንዲትም ፎቶ የለም። እህቴ ምንም አልተናገረችኝም። ልጅቷ አሁን ትልቅ ሰው ናት፣ የክርስትናዋ ፎቶ የላትም። ኤም 3 ፊልም መመለሻው ላይ ሁለት ቀይ ነጥቦች አሉ። ማንሻውን ስትስቡ እነሱም ከዞሩ ፊልሙ እየሄደ ነው። ያኔ ነጥቦቹ ምን እንደሆኑ አላወቅሁም ነበር። እንዲህ ያለው ስህተት በርካሽ ካሜራና ማንም በማይጠብቀው ፎቶ ላይ ይሁንላችሁ።

ለዚያ ልጅ ደውዬለት ነበር። 1,600 ዶላሩን ለጊዜው እንዳይነካው ነገርኩት። ፌዱ አሁንም እኔ ጋ አለ፤ ይሠራል። ቅዳሜ መጥቶ ይወስደዋል፤ አምስት ፊልም አብሬ እሰጠዋለሁ። አምስቱን ሲጨርስ ኔጋቲቮቹን ይዞ ይምጣና ያን ጊዜ ስለ ላይካው እናወራለን። መጀመሪያ ማንሻውን፣ ከዚያ ፍጥነቱን ብዬ ወረቀት ላይ ጽፌ ማኅደሩ ውስጥ ከትቼለታለሁ።