ልጁ ዳቦ ይደብቃል፤ ላስጹመው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከአዲስ አበባ ነው። እኔና ባለቤቴ ከአራት ወር በፊት አንድ የሰባት ዓመት ልጅ በአደራ ቤተሰብነት ተቀብለናል። እናቱ በሕይወት አለች፤ ስለታመመች ነው ማሳደግ ያቃታት። ሲሻላት ትወስደዋለች ተብለናል። ልጁ ትራሱ ሥር ዳቦ ይደብቃል። ስጠይቀው ይዋሻል። ሰባት ዓመት ስለሞላው ፍልሰታን ላስጹመው አስቤ ነበር፣ ግን ፈራሁ። ጎረቤቶቼ ደግሞ «ለሚወሰድብሽ ልጅ ምን አደከመሽ» ይሉኛል። አንዳንዴ እኔም እንደዚያ አስባለሁ። ይህ ኃጢአት ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከዳቦው ልጀምር።

ልጁ ሌባ አይደለም። ረሃብ ያየ ልጅ ነው። ዛሬ ጠግቦ ቢያድርም ነገ እንደሚበላ ገና አላመነም። የሚዋሽሽም ዳቦውን እንዳትወስጂበት ፈርቶ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ሳስተምር እንዲህ ያለ አንድ ልጅ ነበረን። ከቅዳሴ በኋላ ዳቦ ሲታደል ግማሹን ይበላና ግማሹን ኪሱ ይከታል። እኛ ተቆጣነው። ያሳደጉት እናት ግን ከእኛ ከመምህራኑ በለጡ። አልጋው አጠገብ ትንሽ ሌማት አስቀመጡለትና «ይሄ ያንተ ነው፣ ማንም አይነካውም» አሉት። በየማታው አዲስ ዳቦ ይጨምራሉ። ከወራት በኋላ ሌማቱ እንደተሞላ ማደር ጀመረ። አንቺም እንዲሁ አድርጊለት። ትራሱ ሥር ያገኘሽውን ደረቅ ዳቦ በሰው ፊት አታውጪው።

ወደ ጾሙ እንምጣ። ቤተ ክርስቲያናችን ልጆችን ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ ጾም ታለማምዳለች። ነገር ግን ጾም ለታመመ ሰው እንደሚላላም ታስተምራለች። ይህ ልጅ ከረሃብ እያገገመ ነው፤ እኔ እንደ በሽተኛ ነው የማየው። ለእሱ «እስከ ቅዳሴ መውጫ አትበላም» ማለት የድሮው ረሃብ ተመልሶ መጣ ማለት ሊሆንበት ይችላል። ስለዚህ ዘንድሮ ምግብ አትከልክይው። የጾሙን ምግብ ከእናንተ ጋር ይብላ፤ በፈለገው ሰዓት ይብላ። ቁርባኑንም ሆነ የክርስትናውን ነገር ለንስሐ አባትሽ አማክሪ። ክርስትና መነሣቱን ካላወቅሽ እናቱን አስጠይቂ። ጥምቀት አንዲት ናትና ሳይጣራ ድጋሚ አይጠመቅም።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። «ለሚወሰድ ልጅ ምን አደከመሽ» ላሉሽ ሰዎች ዮካብድን አስታውሺያቸው። የፈርዖን ልጅ ሙሴን ከወንዝ አውጥታ ለገዛ እናቱ «ይህን ሕፃን ወስደሽ አጥቢልኝ» አለቻት። ዮካብድ ልጁ አንድ ቀን ከእጇ እንደሚወጣ እያወቀች አጠባችው። ሲያድግም ወስዳ ለልዕልቲቱ ሰጠች። ሙሴ በቤተ መንግሥት አድጎ እንኳ ከወገኖቹ ጋር መከራ መቀበልን መረጠ። እኔ ይህን ሳነብ እነዚያ ጥቂት የጡት ዓመታት ከንቱ እንዳልቀሩ ይታየኛል።

ማዘንሽ ኃጢአት አይደለም። ልጁ ሲሄድ ታለቅሻለሽ፣ አልቅሺ። እንዳታለቅሺ ብለሽ ከአሁኑ ልብሽን ብትዘጊበት ግን የሚጎዳው እሱ ነው። እንዲህ ያሉ ልጆች ከቤት ወደ ቤት ሲዞሩ «እነዚህም ይጥሉኛል» ብለው ይጠብቃሉ። አንዳንዱ አልጋ ላይ ይሸናል፣ አንዳንዱ ሆን ብሎ ያስቀይማል፤ ትችለኝ እንደሆነ ልይ ብሎ ነው።

አንድ ነገር አደራ። እናትህ እኔ ነኝ እንዳትዪው። የአደራ ቤተሰብ ከጉዲፈቻ ይለያል። ጉዲፈቻ በፍርድ ቤት ጸድቆ ልጁ ለዘለቄታው የቤተሰቡ ልጅ የሚሆንበት ነው። አንቺ የያዝሽው ግን እናቱ እስክትድን የሚቆይ አደራ ነው። እናቱ ላይ ክፉ ቃል በቤትሽ አይነገር።

ለጎረቤቶችሽና ለዚህ አምድ አንባቢዎችም አንድ ቃል አለኝ። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ከቆመ ወዲህ የእነዚህ ልጆች ነገር ሙሉ በሙሉ በእኛ ላይ ወድቋል። እዳዬ አበበች ጎበናን አስቡ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄደው በወሎ ረሃብ የተጎዱ ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። ቤተሰባቸው ተቃወማቸው፣ እሳቸው ግን ልጆቹን አልተዉም። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ እዳዬ የሚላቸው ስንት ሰው ነበር! ሁላችንም እዳዬን መሆን አንችልም። ግን የጽዋ ማኅበሩ የልጁን ዩኒፎርምና ደብተር መቻል ያቅተዋል? ጎረቤት ቅዳሜ ከሰዓት ልጁን ይዞ እኅታችንን ቢያሳርፋት ምን ይጎድልበታል? ሰንበት ትምህርት ቤቱስ አንድ ወጣት መድቦ ቢያስጠናው? ደግሞ እባካችሁ፣ ልጁን «የማደጎው» እያላችሁ አትጥሩት። ስም አለው።

እኅቴ፣ ማታ ስትጸልዩ የእናቱን የክርስትና ስም ልጁ ራሱ ይጥራው። እናንተም ከእሱ ጋር «ማርልን» በሉ።