የኮሪያ የፍቅር ኮሜዲ ለምን እንቅልፍ ይነሳል?

«አንድ ክፍል ብቻ አይቼ እተኛለሁ ብዬ እጀምርና ይነጋብኛል፤ ምክንያቱ ምን ይሆን?» ብለው ለጠየቁት፣ በእኔ አስተያየት ዋናው ምክንያት የተዋንያኑ መልክ ሳይሆን የድራማው አሠራር ነው። የኮሪያ የፍቅር ኮሜዲ አብዛኛውን ጊዜ በ16 ክፍል የሚጠናቀቅ፣ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጅና በሳምንት ሁለት ቀን በተከታታይ የሚተላለፍ በመሆኑ፣ ደራሲዋ የመጀመሪያውን ቀን ክፍል ተመልካቹን ለማግስቱ በሚያጓጓ ቦታ ላይ ትቆርጠዋለች። እርስዎ የሚያዩት ግን ሁሉም ተጠናቆ ከወጣ በኋላ ስለሆነ፣ ለአንድ ሌሊት የታሰበው ጉጉት የሚበርደው ቀጣዩን ክፍል ሲከፍቱ ብቻ ነው።

ፍቅሩም ቶሎ አይገለጥም። በ2019 መጨረሻ መተላለፍ የጀመረውን «ክራሽ ላንዲንግ ኦን ዩ» የተሰኘውን ድራማ እንውሰድ። ዐውሎ ነፋስ ሰሜን ኮሪያ የጣላት የደቡብ ኮሪያ ባለሀብት መልካም መዓዛ ያለው ሻማ ብትጠይቀው፣ ያስጠለላት የሰሜን ኮሪያ ጦር መኮንን ተራ ሻማ ይዞላት ይመጣል። በኋላ በምሽት ገበያ ውስጥ ስትጠፋ፣ ባለመዓዛውን ሻማ አብርቶ ከሰው በላይ ከፍ አድርጎ ይዞ ይፈልጋታል። እወድሻለሁ የሚል ቃል አልወጣውም፤ ተመልካቹ ግን ገብቶታል፣ እነሱ እስኪያምኑ ድረስም መጠበቅ ግዴታው ይሆናል። የሀብታም ቤተሰብ ሽኩቻውና የአጋጣሚው ብዛት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከድራማ ድራማ የሚገለበጥ ነው።

መተኛት ከፈለጉ ክፍሉ እስኪያልቅ አይጠብቁ፤ ነገሩ ረገብ በሚልበት መሐል ላይ ያቁሙት።