ሱዶ ብዬም ከርነሉ አላስገባኝ አለ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ ከድሬ ነኝ፣ ሳቢያን። ሲ እየተማርኩ ነው፣ ላፕቶፔ ላይ ኡቡንቱ አለ። ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) መልዕክት የሚጽፍበትን ፕሪንትኬ የሚባል ፈንክሽን ከራሴ ፕሮግራም ልጥራው ብዬ ራሴው ዲክሌር አድርጌ ኮምፓይል ሳደርግ ሊንከሩ (የፕሮግራሙን ክፍሎች የሚያገናኘው) አላውቀውም አለኝ። እሺ ብዬ የከርነሉ ፈንክሽኖች አድራሻ ከተዘረዘረበት ካልሲምስ ከሚባለው ፋይል በሱዶ (በአስተዳዳሪ ፈቃድ) አድራሻውን አውጥቼ በፖይንተር ጠራሁት፣ ፕሮግራሙንም በሱዶ ነው ያስነሳሁት፣ ወዲያው ሴግመንቴሽን ፎልት! ሩት (የማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ) ሆኜ ምን ቀረኝ? ሦስት ቀን ሆነኝ እኮ አቦ።

መልስ፦ እህቴ፣ አድራሻ ፈልገሽ እስከማውጣት መሄድሽ በጣም ደስ ብሎኛል፣ ብዙው ሰው ሊንከሩ እምቢ ሲለው ነው የሚተወው። የተምታታብሽ ሩት ላይ ነው። ሩት ስትሆኚ ፈቃድ የሚሰጥሽ ከርነሉ ነው፣ ፕሮሰሰሩ ግን ሩት የሚባል ነገር አያውቅም፣ እሱ የሚያየው ኮዱ ሪንግ 0 (የከርነሉ ደረጃ) ላይ ነው ወይስ ሪንግ 3 (የተራ ፕሮግራም ደረጃ) ላይ የሚለውን ነው፣ ያንቺ ፕሮግራም ደግሞ በሱዶ ተነሳም አልተነሳም ሪንግ 3 ነው። የከርነሉ ሜሞሪ ለሪንግ 3 ክልክል ተብሎ ምልክት ስላለበት ልትገቢ ስትይ ፕሮሰሰሩ ያቆምሽና ለከርነሉ ይነግራል፣ ከርነሉም ፕሮግራምሽን ይገድለዋል፣ ሴግመንቴሽን ፎልት ያልሽው እሱ ነው። በፈረንጆቹ 2018 ሜልትዳውን የተባለው የፕሮሰሰር ደህንነት ክፍተት ይፋ ከወጣ ወዲህማ ችግሩ ያለባቸው ፕሮሰሰሮች ላይ አብዛኛው የከርነል ሜሞሪ ፕሮግራምሽ በሚያየው የሜሞሪ አድራሻ ሰንጠረዥ ውስጥ ጭራሽ የለም።

ታዲያ በየት ይገባል? እኔ ሐረር ነው የምኖረው፣ የኛ ጀጎል አምስት የድሮ በሮች አሉት፣ በሸዋ በር ካልተመቸሽ በቡዳ በር ትገቢያለሽ። 64 ቢት ኢንቴልና ኤኤምዲ ላይ ግን ለ64 ቢት ፕሮግራም መደበኛው በር አንድ ነው፣ ሲስኮል የሚባለው የፕሮሰሰር ትዕዛዝ። የት እንደምትገቢ አንቺ አትመርጪም፣ ይዘሽ የምትሄጂው ቁጥር ብቻ ነው፦ አርኤኤክስ የሚባለው ሬጂስተር (የፕሮሰሰሩ ትንሽ ማስቀመጫ) ላይ 0 ካስቀመጥሽ ሪድ (ማንበብ)፣ 1 ካስቀመጥሽ ራይት (መጻፍ)፣ 39 ከሆነ ጌትፒድ (የፕሮግራሙን መለያ ቁጥር መጠየቅ)፣ ከዛ ከርነሉ ራሱ ዝርዝሩን አይቶ የራሱን ፈንክሽን ይጠራልሻል። ቁጥሮቹን ከሌላ ማሽን እንዳትገለብጪ ብቻ፣ 64 ቢት አርም ፕሮሰሰር ላይ ራይት 64 ነው። ፕሪንትኬ እዚህ ዝርዝር ውስጥ ቁጥር የለውም፣ ስለዚህ ከውጭ አይጠራም።

ግን አንቺ የፈለግሽው መልዕክት መጻፍ አይደል? ዴቭ ፎልደር ውስጥ ኬኤምኤስጂ የሚባል ፋይል አለ፣ በኦፕን ከፍተሽ በራይት ስትጽፊበት ከርነሉ ራሱ ሎጉ (የመልዕክት መዝገቡ) ላይ ያስገባልሻል። እዚህ ጋ ነው ሱዶ የሚጠቅምሽ፣ የፋይል ፈቃድ የሚያየው ከርነሉ ስለሆነ። የግድ የከርነሉን የውስጥ ፈንክሽን መንካት ካለብሽ ሞጁል (ከርነሉ ውስጥ የሚጫን ኮድ) መጻፍ ነው፣ እሱን ግን ቨርቹዋል ማሽን ላይ ሞክሪው፣ አንድ ስህተት ሙሉ ማሽኑን ሊያቆመው ይችላል።

ኬኤምኤስጂ ላይ ሰላም የሚለውን በላቲን ፊደል በአምስት ሆሄ ጽፈሽ አዲስ መስመር ጨምሪበት፣ ፕሮግራሙን በሱዶ ኤስትሬስ (ፕሮግራሙ የሚያደርጋቸውን ሲስኮሎች የሚያሳይ መሣሪያ) አስነሺው። ብዙ መስመር ይወርዳል አትደንግጪ፣ መጨረሻው አካባቢ ራይት የሚለውን ፈልጊ፣ ጫፉ ላይ እኩል ይሆናል 6 ካለሽ አምስቱም ሆሄ ከነመስመር ማብቂያው ገብቷል፣ የከርነሉን ሎግ በሚያሳየው ዲሜሴጅ አውጥተሽ እዪው።