መልስ፦ የሚሠራ ሰውም ሜዲኬይዱን ሊያጣ ይችላል
ለሜዲኬይድ፣ ማለትም መንግሥት በአሜሪካ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ለሚሰጠው የጤና መድን፣ ሥራን ግዴታ ስለሚያደርገው ሕግ «ሕጉ የሚነካው የማይሠራውን ብቻ ከሆነ እኛን ምን ያሳስበናል?» ላልከው፣ ወንድሜ፣ የሚሠራም ያጣል። የአርካንሳስ ስቴት በ2018 እ.ኤ.አ. ይህንኑ የሥራ ግዴታ ስትሞክር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ18,000 በላይ ሰው ሽፋኑን አጥቷል። ብዙዎቹን የጣላቸው ሥራቸውን የሚያሳውቁበት ሪፖርት ነው፤ መጀመሪያ ላይ በኢንተርኔት ብቻ ነበር የሚሞላው፣ ድረ ገጹ ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ይዘጋ ነበር። ከማታ ፈረቃ የሚወጣ ሰው መቼ ይሙላው?

የ2025ቱ ሕግ ሜዲኬይድን ለተጨማሪ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አዋቂዎች ባስፋፉ ስቴቶች፣ በመሠረቱ ከ2027 መጀመሪያ ጀምሮ፣ በወር 80 ሰዓት ሥራ ወይም እንደ ትምህርትና በጎ ፈቃድ ያለ ተግባር ይጠይቃል። ኡበር የምትነዳ ከሆነ ግን ሰዓት ከመቁጠር ገቢ ማሳየት ይቀላል፤ አሁን ባለው የፌዴራል ዝቅተኛ ደመወዝ ስሌት በወር 580 ዶላር ይበቃል። ዕድሳቱም በየ6 ወሩ ስለሚሆን አድራሻ ስትቀይር ወዲያው አሳውቅ፤ የዕድሳቱ ደብዳቤ የድሮው ቤትህ ከቀረ ሽፋንህ ሊቋረጥ ይችላል።