ከሳሙራይ ኋላ የሚሄዱት፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ጃፓን ጦረኞች ስለ ሳሙራይ ሎሌዎችና ጋሻ ጃግሬዎች የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ። አደራ የምላችሁ ዘመኑን እንድትጠቅሱ ነው። ከ1467 እስከ 1600 ገደማ የዘለቀው የጦርነት ዘመንና ከ1603 እስከ 1868 የቆየው የቶኩጋዋ ቤት አገዛዝ የሰላም ዘመን ለየብቻ ናቸው። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በቶኩጋዋ ዘመን አንድ ሳሙራይ ስንት ሰው ያስከትል ነበር?

መልስ፦ እንደ ገቢው ነው። ገቢ የሚለካው በኮኩ ሲሆን፣ አንዱ ኮኩ 180 ሊትር ያህል ሩዝ ነው። በ1633 በወጣው ደንብ ባለ 1,000 ኮኩ ጌታ 23 ሰው ይዞ መዝመት ነበረበት። ጦር ያዥ፣ ልጓም ሳቢ፣ የጥሩር ሣጥን ተሸካሚና ጫማ ያዥ ከእነዚህ ውስጥ ነበሩ።

ጥያቄ፦ የሳሙራይ ሰይፍ ለምን ያን ያህል ይሰላል?

መልስ፦ አንጥረኛ ይጠየቅ። እዚህ ስለ ሎሌዎች ነው።

ጥያቄ፦ ዘማቾቹ ስንቃቸውን እንዴት ይይዙ ነበር?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሁሉም ሰው ስለ ሰይፍ ይጠይቃል፤ ሠራዊት የሚፈታው ግን በረሃብ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ስለ እግረኞችና ሎሌዎች የተጻፈ መመሪያ ለአንድ ሰው በቀን 6 ጎ ሩዝ ያዝዛል፤ ከአንድ ሊትር ጥቂት ከፍ ይላል። ለ10 ሰው 1 ጎ ጨውና 2 ጎ ሚሶ፣ ማለትም የተብላላ አኩሪ አተር፣ ይጨመራል። ሩዙ የሚታደለው ግን የሦስት የአራት ቀን ብቻ ነው። የ10 ቀን ቀለብ በአንድ ጊዜ ከተሰጠው፣ መጠጥ ወዳዱ ጠምቆ ይጠጣውና ጦም ያድራል። የጎደሬ አገዳም በሚሶ ቀቅለው ያደርቁና ገመድ ይገምዱታል። በመንገድ ጓዝ ያስሩበታል፤ ሰፈር ሲደርሱ ቆረጥ አድርገው ከፈላ ውኃ ሲጨምሩት ሾርባ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ብልሃት የሚያውቅ ሎሌ ለጌታው ከሁለተኛ ፈረስ ይበልጥበታል ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ጃፓን ውስጥ ያገለገለው አፍሪካዊ ያሱኬ ኢትዮጵያዊ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እንዲያ የሚል የዘመኑ ሰነድ የለም። በ1579 ከሚሲዮናዊው ቫሊኛኖ ጋር ጃፓን ገባ፤ በ1581 ኃያሉ የጦር ጌታ ኦዳ ኖቡናጋ ቤትና ሰይፍ ሰጥቶ አሳደረው። አንዳንድ ጊዜ የጌታውን መሣሪያ ይይዝ ነበር።

አንድ አባል፦ በዚያ ዘመን በሕንድ ውቅያኖስ ዙሪያ ብዙ ሐበሾች ነበሩ። ለምን አይሆንም?

ሌላ አባል፦ ወንድሜ፣ ሊሆን ይችላል ማለትና ሆኗል ማለት ይለያያሉ። ሐበሻ የጦር መሪ ከፈለግህ ማሊክ አምባር አለልህ፤ ከእኛው ምድር ተወስዶ ሕንድ ውስጥ ደካን በሚባለው አካባቢ ሠራዊት የመራ ነው።

የመጀመሪያው አባል፦ እኔ የጠየቅሁት ስለ ጃፓን ነው።

መልስ፦ በቃችሁ። ሰነድ ያለው ያምጣ።

ጥያቄ፦ በፊውዳል ዘመን የሳሙራይ ረዳቶች ሚና ምን ነበር?

መልስ፦ በየትኛው ዘመን? ገና ከመነሻው አደራ ብዬ ነበር። ዘመኑ ሳይጠቀስ አልመልስም።

ጥያቄ፦ በጦርነቱ ዘመን ከሎሌነት ተነሥቶ ጌታ የሆነ አለ?

መልስ፦ ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ። የኖቡናጋ ጫማ ያዥ ነበር የሚለው ትውፊት ነው፤ ከዝቅተኛ ቤተሰብ መውጣቱ ግን አያከራክርም። ሥልጣን ከያዘ በኋላ በ1588 የገበሬውን መሣሪያ አስፈታ፤ በ1591 ደግሞ ሎሌ ተመልሶ ገበሬ ወይም ነጋዴ እንዳይሆን በአዋጅ ከለከለ። በዚህ በጣም አዝንበታለሁ።

ጥያቄ፦ ሎሌዎች በአስተዳደሩስ ምን ሚና ነበራቸው? የማወራው ስለዚያው ስለ ሂዴዮሺ ዘመን ነው።

መልስ፦ ዘመኑን ስለጠቀስክ አመሰግናለሁ። የሂዴዮሺን ሎሌ ኢሺዳ ሚትሱናሪን ውሰድ። መሬት ያስለካ፣ ስንቅ ያጓጉዝ ነበር። በ1592 በተጀመረው የኮሪያ ዘመቻም ተቆጣጣሪ ሆኖ ባሕር ተሻገረ። እነ ጦር አዛዡ ካቶ ኪዮማሳ ለጌታችን አሳጣን ብለው ቂም ያዙበት። ሂዴዮሺ በ1598 ሲሞት ከልካይ ጠፋ፤ በዓመቱ ሊገድሉት ተነሡ። በ1600 ከጠላቶቹ ብዙዎቹ በኋላ የቶኩጋዋን አገዛዝ ለመሠረተው ለቶኩጋዋ ኢየያሱ ወገኑ፤ ሚትሱናሪም በሴኪጋሃራ ጦርነት ድል ሆኖ ኪዮቶ ላይ አንገቱ ተቀላ።