መልስ፦ የዩአርትና የኤስፒአይ ፖይንተር ሲቀያየር ኮምፓይለሩ ለምን አይናገርም?

የጠየቁት የዩአርትን ፖይንተር (የሚሞሪ አድራሻ የሚይዝ ተለዋዋጭ) በኤስፒአይ ፖይንተር ቦታ ሲሰጡ ኮምፓይለሩ፣ ማለትም ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ለምን ዝም እንዳለ ነው፤ ዩአርትና ኤስፒአይ ቺፖች መረጃ የሚለዋወጡባቸው ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው። ኮምፓይለሩ ስህተቱን ያላየው የሁለቱንም መያዣ ፖይንተሮች በታይፕዴፍ የቮይድ ፖይንተር፣ ማለትም የሚያመለክተው ነገር ዓይነት ያልተወሰነ ፖይንተር፣ አድርገው ስለሰየሟቸው ነው። ታይፕዴፍ ለነባር ዓይነት ሌላ ስም ይሰጣል እንጂ አዲስ ዓይነት አይፈጥርም፤ ስለዚህ የዩአርቱን ፖይንተር ኤስፒአይ ለሚጠብቅ ፈንክሽን ሲሰጡት በሲ ቋንቋ ሕግ የተጣሰ ነገር የለም።

ፈንክሽኖቹ በሚታወጁበት ሄደር ፋይል ውስጥ ለእያንዳንዳቸው የተለየ ስትራክት (በርካታ እሴቶችን በአንድነት የሚይዝ ዓይነት)፣ አባላቱን ሳይዘረዝሩ፣ በስም ብቻ ያውጁ፤ ፈንክሽኖቹም የየራሳቸውን ስትራክት ፖይንተር ብቻ ይቀበሉ። የስትራክቱ ዝርዝር በድራይቨሩ (መሣሪያውን በሚቆጣጠረው ኮድ) የሲ ፋይል ውስጥ ይቆያል። ይህ በሚሞሪም ሆነ በፍጥነት ላይ የሚጨምረው ጫና የለም። የሚጠቀሙት ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ከ14ኛው ቅጂ በፊት የወጣ ከሆነ ግን የፖይንተር አለመጣጣምን በማስጠንቀቂያ ብቻ ስለሚያልፈው፣ ማስጠንቀቂያው እንደ ስህተት እንዲቆጠር ያዙት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ስህተት ይወጣልዎታል፤ እባክዎ አንዱንም በካስት (ዓይነቱን በግድ በመቀየር) ለመሸፈን አይቸኩሉ። እዚህ ጎንደር፣ አዘዞ ውስጥ ላለ የአትክልት ማሳ የውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ስሠራ፣ ከሴንሰር የመጣውን የባይት ድርድር ወደ 32 ቢት ፖይንተር ካስት አድርጌ ነበር። በኮርቴክስ-ኤም4 ፕሮሰሰር ላይ ለወራት ያለ ችግር የሠራው ያው ኮድ ወደ ኮርቴክስ-ኤም0 ሲዛወር በሃርድ ፎልት (ፕሮሰሰሩ መደበኛ ሥራውን በሚያቋርጥበት ከባድ ስህተት) ቆመ፤ ኤም0 ለ4 በማይካፈል አድራሻ ላይ ያለን 32 ቢት ቁጥር በአንድ ጊዜ ማንበብ አይችልምና። ምክንያቱን እስካገኘው ድረስ ማሳው በእጅ ሲጠጣ ሰነበተ። እንዲህ ያለውን ንባብ ባይቶችን በሚቀዳው የሲ ፈንክሽን፣ በሜምኮፒ፣ ወደ ተራ ተለዋዋጭ ይቅዱት።