መልስ፦ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ምን ልይ ላልከው

ወንድሜ አንድ ከሰዓት ብቻ ነው ያለኝ ካልክ ሌላውን ተወውና ቀጥታ ራስ መኮንን አዳራሽ ሂድ፣ ይሄ ህንፃ እኮ ዩኒቨርሲቲ ከመሆኑ በፊት የጃንሆይ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፣ የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ በኋላ ነው ለትምህርት የሰጡት። መፈንቅለኞቹ ያገቷቸው ባለሥልጣናት የተረሸኑበት አረንጓዴው ሳሎንም እዚሁ ነው። አሁን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ውስጡ አለ፣ የንጉሡ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት እንዳለ ተቀምጧል፣ መስታወቱ ላይ ያለውን የጥይት ቀዳዳ ሳታይ እንዳትወጣ።

ከህንፃው ፊት ለፊት ደግሞ ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። ብዙ ተማሪ ፎቶ ተነስቶበት ያልፋል እንጂ ታሪኩን አይጠይቅም፣ እኔን ይሄ ያንገበግበኛል። ጣሊያን ነው የሰራው፣ ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዱ የፋሺስት ዓመት አንድ ደረጃ እያለ። ከነጻነት በኋላ ግን አልፈረሰም፣ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበትና አለቀ፣ ከዚህ የበለጠ መልስ ያለ አይመስለኝም። ደግሞ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ግቢ ነው እኮ!

ኬኔዲ ላይብረሪን በውጭ አይተኸው እለፍ። ስትወጣ ግን አደባባዩ ላይ ያለውን የሰማዕታት ሐውልት ዞር ዞር ብለህ እየው፣ ከቦምቡ በኋላ ጣሊያኖች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ያደረሱት ጭፍጨፋ ዙሪያውን ተቀርጾበታል።